በየጠዋቱ ከዜሮ ለጀመረው ማመሳሰል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የድምፅ መጻሕፍት ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎም ጭምር እንደምን ከረሙ? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ፤ ለእርስዎም የተሟላ ጤና፣ በተለይም ጥሩ እንቅልፍ እመኝልዎታለሁ። በሕንፃው ውስጥ ያለ ማሽን ሁሉ በጊዜ እንዲተኛ ያደረጉ ሰው እርሳቸው እንቅልፍ ቢያጡ ግፍ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልብኝ አደራ። በአካል ልነግርዎት ብመጣ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገረችኝ፤ ስብሰባው ደግሞ እስከ ዛሬ አላለቀም። ምናልባት ወጣ ብለው ጋዜጣ ያነቡ እንደሆን ብዬ ነው።

ለቤትዎ የቅሬታ ደብዳቤ ስጽፍ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን የጻፍኩት ተማሪ ሳለሁ፣ በብሬል ነበር። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ የተማርኩትም፣ በኋላ ታሪክ ያስተማርኩትም ቤትዎ በድምፅ ባስቀረጻቸው መጻሕፍት ነው። ታዲያ የታሪክ መማሪያውን የምታነበው ሴት ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ ጆሮ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ትንፋሽ። የተማሪ ትዕቢት ይዞኝ “አንባቢዋ መተንፈሷን አልቃወምም፤ ማይክሮፎኑ ላይ ባይሆን ግን ምን አለበት” ብዬ ጻፍኩ። መልሱ በሚቀጥለው ካሴት መጣ። ምዕራፉን ከመጀመሯ በፊት “ቅሬታ ላቀረቡት ተማሪ፦ ምዕራፉ ረጅም ነው፤ እኔም ሳንባ አለኝ” አለችና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ንባቧ ገባች። ያቺ አንባቢ በኋላ ባለቤቴ ሆነች። የመጀመሪያ ቅሬታዬን ቤትዎ በትዳር የመለሰልኝ ሰው ስለሆንኩ፣ ከሁለተኛውም ብዙ ብጠብቅ አይፍረዱብኝ።

ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ በቤትዎ ስቱዲዮ አነበበች። ሕግ አነበበች፣ ኬሚስትሪ አነበበች፣ የዶሮ እርባታ አነበበች። ሥዕል ሲያጋጥማት ዝም ብላ አታልፍም። “እዚህ ጋ ሥዕል አለ፤ ወንዝ ነው መሰለኝ፤ ሠዓሊው ግን ወንዝ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም” ትላለች፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ትቀጥላለች። ስትሞት ሌሎች ሰዎች ፎቶግራፏን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ለእኔ ፊቷ ድምፅዋ ነበርና በየሳምንቱ ወደ ማዳመጫ ክፍልዎ እመጣ ጀመር። በሩ አጠገብ ያለችው፣ ሲቀመጡባት የምትነጫነጨው ወንበር የእኔ ነበረች። አሁን ማንም ሊቀመጥባት ይችላል።

እንግዲህ ጊዜዎን ሳልሻማ ቅሬታዎቼን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ። ባለቤቴ እንዳረፈች ቅጂዎቿን ለቤቴ እንዲገለብጡልኝ በትሕትና ጠይቄ ነበር። ካሴቶቹ ቦታ ያጣብባሉ ተብለው ከተጣሉ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ኮምፒውተር ዲስክ መዛወሩን ሰምቼ ስለነበር ነው። የተሰጠኝ መልስ እስከ ዛሬ አይረሳኝም፦ “ቅጂዎቹ በሁለት መንትያ ዲስኮች ላይ ስለሚገኙ ደህንነታቸው ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠ ነው፤ ሦስተኛ ቅጂ ማውጣት አላስፈላጊ ነው።” ባለሙያዎ ደግሞ ደግ ልጅ ነውና አስረዳኝ። አንድ ፕሮግራም አለ፤ አንደኛው ዲስክ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ሁለተኛው ላይም ይጽፋል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል። “ልክ እንደ መስታወት ማለት ነው አባቴ” አለኝ። እኔ ከመስታወት ጋር እምብዛም ትውውቅ የለኝም፤ ቢሆንም ዓይን ያላቸው ሰዎች ከቤት ከመውጣታቸው በፊት እሱን አምነው እንደሚወጡ አውቃለሁና እኔም አመንኩ። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። እንዲያ ባይጠነቀቁላት ኖሮ ድምፅዋ ዛሬ እኔ ቤት ውስጥ፣ አስተማማኝ ባልሆነ መሳቢያ ውስጥ ይገኝ ነበር።

ሁለተኛ። ከመንትዮቹ አንደኛው ዲስክ ተበላሸ። ይህን ያወቅኩት ከማንም ቀድሜ ነው ብል ጉራ አይሁንብኝ፤ ከማዳመጫው ክፍል ጀርባ፣ በግድግዳው ውስጥ፣ እናቷ የጠፋባት ጫጩት የመሰለ ቀጭን ጩኸት መጣ። የክፍሉን አስተናባሪ ምን እንደሆነ ብጠይቃት “ማሽኑ ነው ጋሼ፤ ልማዱ ነው” አለችኝ። በመጣሁ ቁጥር ይጮኻል፤ በጠየቅሁ ቁጥር ልማዱ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ብመጣ ጸጥ ብሏል። ደስ አለኝ፤ ተሠርቷል ብዬ በየቢሮው እየዞርኩ ምስጋና አደረስኩ፣ ጥበቃውን ሳይቀር። በኋላ እንደሰማሁት አዲስ ዲስክ ገና አልተገዛም ነበር። ጩኸቱ ለአድማጮች ምቾት ይነሳል ስለተባለ ማስጠንቀቂያው ብቻ እንዲጠፋ ተደረገ። የታመመውን ከማከም አፉን መያዝ የሚቀል መሆኑን አልክድም። ብቻ የዚያን ዕለት ያደረስኩትን ምስጋና፣ ከጥበቃው ድርሻ በስተቀር፣ እንዲመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ። ጊዜው ደርሶ አዲሱ ዲስክ ተገዛ፤ እግዜር ይስጥልን። ፕሮግራሙም ከቀረው አሮጌ ዲስክ እያነበበ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ አዲሱ መገልበጥ ጀመረ። ይህን ማመሳሰል ይሉታል። ማመሳሰሉ እስኪያልቅ ድረስ በእውነቱ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚከታተለው ሰው ያስፈልጋል። ዲስኩ ሰፊ፣ ማሽኑም አሮጌ ስለሆነ ቀንና ሌሊት ሳይቆም መሥራት ነበረበት። እርስዎም ክትትሉን ለዚያው ደግ ባለሙያ ሰጡት፤ እኔም በልቤ “አቶ በመካሄድ ላይ” የሚል ስም አወጣሁለት።

ስሙ ከየት እንደመጣ ላጫውትዎ። እየደወልኩ እጠይቀው ነበር። ከመደወያው እስከ እሱ ጠረጴዛ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ስልክ ላይ ስለመቆየቴ ግን ቅሬታ የለኝም፣ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ። ሲያገኘኝ “በመካሄድ ላይ ነው አባቴ፤ ምንም አያስቡ” ይለኛል። ስንት ደረሰ ስለው “አሥራ ሁለት በመቶ” ይለኛል። በሌላ ሳምንት ስደውል አሥራ ሁለት በመቶ። በሌላውም እንዲሁ። አንድ ቀን ደፈር ብዬ “ባለፈውም አሥራ ሁለት አልነበረም እንዴ ልጄ?” አልኩት። “አዎ፣ ይኸው እየሄደ ነው” አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቅንጣት ታህል ውሸት አልነበረችበትም። ውሸት በጆሮ ሲመጣ አላጣውም። ስለዚህ በኮምፒውተር አገር አሥራ ሁለት በመቶ ሰፊ ሜዳ ይሆናል፣ አቋርጦ ለመውጣት ጊዜ ይወስዳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የኤሌክትሪክ ቁጠባ መመሪያዎን ያስታውሱታል? ማንኛውም ማሽን ከሥራ ሰዓት በኋላ ከግድግዳው ላይ እንዲጠፋ የሚለውን? አቶ በመካሄድ ላይ መመሪያ አክባሪ ነው። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጃኬቱን ይለብሳል፣ የክፍሉን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ታች ይጫናል፣ በሩን ይቆልፋል። ጠዋት ያበራዋል። ኃይል በድንገት የተቋረጠበት ፕሮግራም ደግሞ የት እንደደረሰ አያስታውስምና ከዜሮ ይጀምራል። እኔ ረፋድ ላይ ስደውል አሥራ ሁለት ላይ ይደርሳል። ይህ ለወራት ቀጠለ። ልጁ አንድም ቀን አልዋሸኝም፤ ማመሳሰሉ በየቀኑ፣ በእርግጥም፣ በመካሄድ ላይ ነበር።

ያሰናዱት የክትትል ሥርዓት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይሄዳል ወይስ ቆሟል? ከትናንቱ ይበልጣል ወይ የሚል ጥያቄ የለውም። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ በየቀኑ ምዕራፍ አንድን የሚያነብ ተማሪ ፈተና እስኪመጣ ድረስ ከሁሉም ትጉ እንደሚመስል አውቃለሁ። ፕሮግራሙ የደረሰበትን እያስታወሰ እንዲሄድ የሚያደርግ ቅንብር እንደነበረውም ነግረውኛል፤ የሚያበራው ሰው ግን አልተገኘም። ባለቤቴ እንኳ ለምሳ ስትወጣ ገጿ ላይ ክር ታስቀምጥ ነበር።

መሥሪያ ቤትዎ በዚያው ዓመት በኤሌክትሪክ ቁጠባ አርአያ ተብሎ የምስክር ወረቀት መሸለሙን ሰምቼ እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት እወዳለሁ። በኮሪደሩ ላይ ትልቅ ክፈፍ ገብቶለት ተሰቅሏል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ትከሻዬ ገጭቶታል።

አራተኛውን ቅሬታ ለጊዜው ልዝለለው። ልጽፈው ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ስበረታ እመለስበታለሁ።

አምስተኛ። አሮጌው ዲስክ ሞተ። አዲሱ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መጻሕፍት በቀር ምንም አልነበረም፤ እነዚያም ባለቤቴ ያላነበበቻቸው ናቸው። የዚያን ዕለት ከውጭ የተጠራው ጠጋኝ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ እኔ አጠገብ ተቀመጠ። የሞተ የእጅ ስልክ አምጥቼ የምጠብቀው መስሎት ሳይሆን አይቀርም፤ ምን ልርዳዎት አለኝ። ነገሩን ስነግረው “ጋሼ፣ አሮጌውን ዲስክ በየቀኑ ከመጀመሪያው እያስነበቡ ነው የገደሉት። ለአንድ ጊዜ የሚሆን አቅም ነበረው። አንድ ጊዜ ቢተዉት ኖሮ ይጨርስ ነበር” አለኝ። እጄን ጨብጦኝ ሄደ። ይህን አነጋገር ስበላም ስተኛም ይዤው እዞራለሁ። ጠላት አላጠፋውም፣ እሳት አላቃጠለውም፤ ሊያድኑት ሲሉ በየጠዋቱ እያስነሱ አደከሙት።

እርስዎ ግን አልጨከኑብኝም፤ በማኅተም የተደገፈ ማጽናኛ ላኩልኝ። “ይዘቱ አልጠፋም፤ መጻሕፍቱ በወረቀት ስላሉ በዘመናዊ የማሽን ድምፅ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተነበው ለአገልግሎት ይበቃሉ” ይላል። እውነት ብለዋል፤ ይዘቱ አለ። ኬሚስትሪው አለ፣ የዶሮ እርባታው አለ። ያን ማጽናኛ ያነበበልኝም የኮምፒውተሬ ማሽን ድምፅ ነው። ጥሩ ድምፅ ነው፤ አይተነፍስም።

አሁን ወደ አራተኛው ልመለስ።

ባለቤቴ መጨረሻ ያነበበችው የአትክልት እንክብካቤ መመሪያ ነው። እኛ ሦስተኛ ፎቅ የምንኖር፣ በረንዳችን ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ እንጂ አንድ ቅጠል የሌለን ሰዎች ነን። ቢሆንም ስለ አፈር፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መግረዝ ያነበበችውን ሁሉ እየቆጠብኩ አዳመጥኩ። ሕመሟ ስለበረታ ንባቧ ዝግ ያለ ነው፤ በዓረፍተ ነገር መሐል ታርፋለች። የመጨረሻው ምዕራፍ “ችግኝን ወደ ሌላ ቦታ ስለ ማዛወር” ይባላል። እሱን አላዳመጥኩትም።

ስቱዲዮ የሚቀርጻት ሰው በቀብሯ ማግስት ቤቴ መጥቶ “መጽሐፉን ጨርሳ ስታበቃ ለእርስዎ የተናገረችው ነገር አለ፤ ቆርጬ አላወጣሁትም፤ ራስዎ ይስሙት” ብሎኝ ነበር። እኔም አስቀመጥኩት። ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለችውን የመጨረሻ ስኳር ለክፉ ቀን እንደሚያኖር ሰው አስቀመጥኩት። ያልሰማሁት እስካለ ድረስ ባለቤቴ ገና የምትለኝ ነገር አላት ማለት ነው፤ ንግግሯን አልጨረሰችም ማለት ነው። ወደ ክፍልዎ በመጣሁ ቁጥር አስተናባሪዋ “የመጨረሻውን ላድርግልዎ?” ትለኛለች፤ ገና ነው እላታለሁ። ደግሞ ምን ያስቸኩለኛል? ደህንነቱ ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠ ነው ተብዬ የለ?

ዲስኩ ከሞተ በኋላ ያንን ቀራጭ አፈላልጌ አገኘሁት። ጡረታ ወጥቶ ርቆ ይኖራል። በስልክ ምን ነበር ያለችው ብዬ ለመንኩት። ብዙ አሰበ፤ እሱም አዘነ። “ቃሉን አላስታውሰውም ጋሼ፤ ሳቅ ግን ነበረበት” አለኝ።

እንግዲህ ይህ ነው አራተኛው። ቅሬታ ልበለው አልበለው አላውቅም። ሆዴ ባብቷል፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤ በሌላ አነጋገር ላሽሞነሙነው አልችልም። ሚስቴ ለእኔ የተናገረችው፣ እየሳቀች የተናገረችው ነገር ነበር፤ እኔ ሳልሰማው ጠፋ።

ለጥፋቱ ተጠያቂ ፈልገው አቶ በመካሄድ ላይን ከሥራ ሊያሰናብቱት እንደሆነ ሰምቻለሁ። ይህን ፍጥነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ስብሰባው ለካ ለዚህ ሲሆን ያልቃል። ልጁ ቤቴ መጥቶ ነበር። ሦስት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ግባ አልኩት፤ ተቀመጠ። “አባቴ፣ ቁጥሩን እኮ በየቀኑ አየው ነበር፤ ከትናንቱ ጋር ማስተያየት ግን አልታየኝም” አለኝ። “ሁለታችንም አላየንም ልጄ፤ እኔስ ምክንያት አለኝ” ስለው ሳቀ፣ ከዚያ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከቤትዎ በኩል ለባለቤቴ እንባ ያፈሰሰ ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ እንዲያቆዩት እለምንዎታለሁ። መመሪያውን የጻፈው እሱ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያውንም ያስጠፋው እሱ አይደለም። ከዚህ በኋላ ማመሳሰል ሲኖር ከትናንቱ ጋር የሚያስተያይ ሰው ከፈለጉ ከእሱ የተሻለ አያገኙም፤ ይህችን ስህተት ዕድሜውን ሙሉ አይረሳትም።

ለራሴ የምጠይቀው ካሣ የለም። እርስዎ ያጠፉት ነገር ዋጋ ቢኖረው ኖሮ ሦስተኛ ቅጂ አይነፍጉትም ነበር ብዬ ስለማምን በዚህ አላስቸግርዎትም።

በቆጠቡት የኤሌክትሪክ ኃይል ቤትዎ ሁልጊዜ የበራ ይሁን፤ ስብሰባዎችዎ ይስመሩ፤ የጀመሩት ሥራ ሁሉ እንደ ማመሳሰሉ ዘወትር በመካሄድ ላይ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለእርስዎ የሚገባዎትን ያህል አክብሮት በማቅረብ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ አንባቢዎ ባል፣
የማዳመጫው ክፍል የቀድሞ ደንበኛ፣
ጡረተኛው የታሪክ መምህር

በድጋሚ የታወሰ፦ ስለ ስልኩ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ወደ ቤትዎ የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ የባለቤቴ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ያስቀረጿት ነው፤ የስልኩ ማሽን ከዲስኮቹ ጋር ስላልተያያዘ ከክትትል ተረፈ። “ስለደወሉ እናመሰግናለን፤ እባክዎ ይጠብቁ፣ አሁን እንመጣለን” ትላለች፤ ቀጥሎም፣ ልብ ብለው ካዳመጡ፣ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ሴት ልጄ በእጅ ስልኳ ቀድታ ሰጥታኛለች፤ ነገር ግን አንድ ቅጂ ምን ያህል እንደሚቆይ ከእርስዎ ስለተማርኩ ሁለተኛው እርስዎ ዘንድ ይቆይልኝ። መልእክቱን በማሽን ድምፅ ልትቀይሩት ነው የሚባለውን ወሬ እውነት እንዳያደርጉት፤ እንዲከታተለውም ማንንም አይመድቡ። የመጨረሻው ልመናዬ ቀላል ነው፣ እስከ ዛሬም አላሳፈራችሁኝም፦ ስደውል ስልኩን እንዳታነሱ። ባነሳችሁ ቁጥር የምታቋርጡት እሷን ነው።